ቦሌ፤ አውሮፕላን የጎተተው ከተማ

ከተማ ያለ ምክንያት ወደ አንድ አቅጣጫ አያድግም። አንዱን ወንዝ ይስበዋል፤ ሌላውን ገበያ፤ ሌላውን ደግሞ የባቡር ሐዲድ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርዳ ስትቆረቆር የሳባት ፍል ውሃው ነበረ። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሲደርስ ከተማይቱ ወደ ደቡብ ተንሸራተተች፤ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው የጠሩበት ስምም በእኛ አፍ ለገሐር ሆኖ ቀረ። ወደ ምሥራቅ ጎትቶ የወሰዳት ግን አውሮፕላን ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቦሌና በጠቅላላው ስለ ምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል ስንጽፍ ነገሩን ከረዣዥሞቹ ሕንፃዎች ሳይሆን ከማኮብኮቢያው እንጀምራለን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው በረራ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ወደ ካይሮ ተደረገ። የዚያን ጊዜው ማረፊያ ልደታ ነበረ። ዛሬ በዚያ አካባቢ የሚኖር ወጣት ሰፈሩን «ኦልድ ኤርፖርት» እያለ ሲጠራ ለምን እንደዚያ እንደ ተባለ የማያስብበት ጊዜ ይበዛል። ልደታ ለአሮጌዎቹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ይበቃ ነበር። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የተባለውን ጀት ለመግዛት በወሰነ ጊዜ ግን ሜዳው አጠረ። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ከባድ አውሮፕላን ከምድር ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ያሻዋል። ሰፊና ቤት ያልበዛበት ሜዳ ሲፈለግ ቦሌ ተገኘ። በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. አዲሱ ማኮብኮቢያና የመቆጣጠሪያው ግንብ ለሥራ ደረሱ። አምስት ወር ቆይቶ በግንቦት ወር የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን ለመመሥረት ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከማረፊያው ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው መንገድም የአፍሪካ ጎዳና ተብሎ ይጠራል። መንገድ በተዘረጋበት ቤት ይከተላል፤ በቦሌም የሆነው ይኸው ነው።

ነገር ግን «ቤት ያልበዛበት» ማለት «ሰው የሌለበት» ማለት አይደለም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይህ ልዩነት ነው።

የቦታዎቹን ስም ብቻ ማዳመጥ ይበቃል። ቡልቡላ፣ ጎሮ፣ ለሚ ኩራ፣ ወደ ደቡብ ሲወርዱም ቱሉ ዲምቱ፤ እነዚህ ሁሉ የኦሮምኛ ስሞች ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የካ የሚለውም ስም ኤካ ከተባለው የኦሮሞ ጎሣ ስም ጋራ የተያያዘ ነው። ጉርድ ሾላ ደግሞ በጥሩ አማርኛ አንድ የተቆረጠ ዛፍ ያስታውሰናል። ሲኤምሲ ላይ ሲደርሱ ቋንቋው በድንገት ይለወጣል፤ ይህ የአንድ የኢጣሊያ ሥራ ተቋራጭ ኩባንያ ስም ምሕፃር ነው። እንግዲህ ገበሬው፣ ዛፉና ተቋራጩ በአንድ የታክሲ ረዳት አፍ ተከታትለው ይጠራሉ ማለት ነው። የታሪክ ተማሪ የሆነ ሰው መገናኛ ቆሞ ረዳቶቹ ሲጣሩ ግማሽ ሰዓት ቢያዳምጥ ጊዜው ከንቱ አይሆንበትም።

ከዚህም የቆየ ነገር አለ። በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባለው ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። መቼ እንደ ተፈለፈለ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ከአዲስ አበባ መቆርቆር ብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም መሆኑ ግን አያከራክርም። ከዚያ ከፍታ ቁልቁል ሲመለከቱ የባቡሩ ሐዲድ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ መደዳና ከሩቅ የሚነሡት አውሮፕላኖች ይታያሉ። ከተማችን ወጣት ናት እያልን ስንናገር እንዲህ ያለውን ሥፍራ እንረሳለን።

ስለ መሬቱም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። የምሥራቁ ሜዳ አብዛኛው አፈር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ለገበሬው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር የሚሰጥ የታመነ ሀብት ሲሆን ለመሐንዲሱ ግን ጠላት ነው፤ ቤት ሊሠራበት የፈለገ ሰው ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በሌላ ድንጋያማ አፈር መሙላት አለበት፤ ያለዚያ ግድግዳው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይተረተራል። አንዳንድ ጊዜ በመንገድ ዳር ተቆልሎ የምናየው ጥቁር አፈር የአንድ ሰው እርሻ እንደ ነበረ የሚያስበው ጥቂት ነው።

በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው መሬት በአብዛኛው የመኳንንትና የቤተ ክህነት ነበረ፤ አራሹም ጭሰኛ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ጭሰኛው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ባለ ይዞታ ሆነና ለመጀመሪያ ጊዜ ያመረተውን ሳያካፍል ጎተራው ውስጥ አስገባ። ሕገ መንግሥቱም በ1987 ዓ.ም. መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል ይህንኑ አጸና። ይህ አንቀጽ ገበሬውን ከጌታ ያስጠበቀው ሲሆን ከተማው በመጣበት ጊዜ ግን ሌላ መልክ አሳየ። መሬቱ የገበሬው ካልሆነ የሚከፈለው ካሳ የአፈሩ ዋጋ አይደለም፤ በላዩ የበቀለውና የተሠራው ነገር ዋጋ ነው።

ከተማውም በእውነት ችግር ነበረበት፤ ይህን አለመናገር ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ያኽል ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ሲከፈት የተመዘገበው ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ከተመዝጋቢው ጀርባ ሚስት ወይም ባል፣ ልጅና እናት መኖራቸውን ስናስብ የከተማው ሕዝብ ትልቁ ክፍል ቤት ፈላጊ ነበር ማለት ነው። የዚህ ፕሮግራም የመጀመሪያ ሙከራ የተደረገው እዚሁ በምሥራቅ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እርዳታ በቦሌ ገርጂ የተሠሩት ቤቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ሳሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ ቀጠለ። በ1990ዎቹ የተሠራው የቀለበት መንገድ፣ በጥር 1995 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ የመንገደኞች ተርሚናልና በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያው ከተማውን ይበልጥ ወደ ምሥራቅ አከበዱት። ማስፋፊያው ማረፊያውን በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ያስቻለ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለው 11ኛው ክፍለ ከተማ ሲቋቋም አንድ የገበሬ አገር ስም በማኅተም ላይ ወጣ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጧት ማየት የሚፈልግ ተማሪ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ከልደታ ይሳፈር። መለዋወጫ እየጠፋ ብዙ ባቡሮች የቆሙበት ጊዜ ስለ ነበረ ጥቂት መጠበቅን ይልመድ። ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ተነሥቶ በሜክሲኮ፣ በለገሐር፣ በስታዲዮም፣ በእስጢፋኖስና በዑራኤል አልፎ መገናኛ ይደርሳል። ከመገናኛ ወዲያ ጉርድ ሾላ፣ ከዚያም የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል። በዚህ ትምህርት ቤት ስለ ከተማ መሬት አስተዳደር የተማሩ ብዙ ወጣት ሹማምንት በየክፍለ ከተማው ተሰማርተዋል፤ ከአንባቢዎቻችንም መካከል አንዳንዶቹ እንደሚሆኑ እንገምታለን። ቀጥሎ ሲኤምሲ፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ የጉባኤ ማዕከል የሚገኝበት አካባቢ፣ ቀጥሎ መሪ፣ በመጨረሻም አያት። ባቡሩ በግማሽ ቀን ውስጥ ያንን መቶ ሠላሳ ዓመት ያኽል ዕድሜ ያለውን ጉዞ ይደግመዋል። ከአያት ወርዶ ጥቂት በእግሩ የሚሄድ ሰው አሁንም በሁለት ሕንፃዎች መካከል ከብት ሲሰማራ ማየቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ገበሬው ከመሬቱ ሲነሣ ምን ይሰጠው ነበር? በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ፣ ከመነሣቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ገበሬ በዓመት በአማካይ 30 ሺህ ብር ያገኛል እንበል። ካሳው 300 ሺህ ብር ይሆናል። ገንዘቡ በአንድ ቀን ሲቆጠር ብዙ ነው፤ በእጁ ይዞት አያውቅም። ግን የአሥር ዓመት ምርት እንጂ የዕድሜ ልክ ምርት አይደለም። የዋጋው መናር ደግሞ በየዓመቱ ይሸረሽረዋል። አሥረኛው ዓመት ሲመጣ በተነሣ ጊዜ ሕፃን የነበረው ልጁ ጎረምሳ ሆኗል፤ እርሻው ቢኖር በሬ የሚጠምድበት ዕድሜ ነው። በአንጻሩ ያው መሬት ለሊዝ ጨረታ ቀርቦ በካሬ ሜትር የሚጠራውን ዋጋ ይኸው ልጅ በጋዜጣ ያነባል።

ብዙ ጊዜ ከተማ ተቀምጠን ስንወያይ «ካሳውን በመጠጥና በሠርግ ጨረሱት» የሚል ቃል እንሰማለን። ይህ ፍርድ የቸኮለ ነው። ደመወዝ በየወሩ የለመደ ሰው እንኳ የአሥር ዓመት ደመወዙን በአንድ ቀን ቢሰጡት እንዴት እንደሚይዘው እያንዳንዳችን ልባችንን እንጠይቅ። ገበሬው ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘርና ስለ በሬ የሚያውቀው እውቀት ትልቅ ነው፤ ግን በቦሌ ገበያ የሚገዛለት የለም። ስለዚህ ብዙው የሚያገኘው ሥራ ዘበኝነትና የቀን ሥራ ሆነ። በአባቱ ማሳ ላይ በተሠራው ቪላ በር ዱላ ይዞ የሚቀመጥ ሰው በምሥራቁ ክፍል እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቱም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ የማንን ማሳ እንደ ገዛ ማንም አልነገረውም።

ይህ ቅሬታ ተጠራቅሞ በፖለቲካው አደባባይ ወጣ። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋራ የሚያያይዘው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ሰፍቶ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር ወር ዕቅዱ ተሰረዘ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ በኮየ ፈጨ ያሉት ቤቶች የወሰንና የባለቤትነት ክርክር አስከተሉ። አንዱ ወገን ለዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የወጣለት የከተማ ሰው ነው፤ ሌላው ወገን መሬቱን የለቀቀ ገበሬና ልጁ። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነበራቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው የተነጋገሩበት ጊዜ ግን እምብዛም አልነበረም።

ሕጉም ባለበት አልቆመም። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የአሥሩን ብዜት ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው፤ ስሌቱም በአማካዩ ሳይሆን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው በከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ሆነ። በምሳሌያችን ያነሣነው ገበሬ ገቢው ባይጨምር እንኳ 450 ሺህ ብር ይደርሰዋል። ከዚህ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው ግን ሌላ አንቀጽ ነው። አዋጁ ማኅበራዊ ትስስር ሲቋረጥ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገገ። ይኸውም እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ጎረቤቱና አብሮ አራሹ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ሕግ አመነ ማለት ነው። ባለ ይዞታው ቦታው ለመልሶ ማልማት ሲፈለግ እንደ ፕላኑ ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዲኖረውም ይፈቅዳል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ገብቶበታል።

ሕግ በወረቀት ጥሩ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መዝገብ የሚይዘው ሰው ይወስነዋል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ25,791 ቤቶች ዕጣ በኮምፒዩተሩ ላይ በተገኘ ማጭበርበር ተሰርዞ እንደ ገና መውጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በይዞታ መለካት ሥራ ላይም እንዲሁ ነው። ሜትር ይዞ ማሳ የሚለካው፣ የፍሬ ዛፍ የሚቆጥረውና በቅጹ ላይ የቤተሰቡን ቁጥር የሚሞላው በአብዛኛው ከትምህርት ቤት በቅርብ የወጣ ወጣት ነው። በእርሱ እጅ አንድ ዜሮ የአንድ ቤት ኑሮ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋራ በምሥራቁ ክፍል የሰው ኑሮ ራሱን በራሱ ሲያዋድድ ማየት ደስ ያሰኛል። ቦሌ ሚካኤል የሶማሌ ማኅበረሰብ መናኸሪያ ከሆነ ቆይቷል፤ የሻይ ቤቱ፣ የልብስ መደብሩና የገንዘብ ማስተላለፊያው ሱቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋራ ተጎራብቶ ይኖራል። ከውጭ አገር ተመልሶ ቤት የሠራው ዲያስፖራም እዚሁ አለ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ልብስ ይሰፋሉ። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከደመወዛቸውም ቆጥበው ለወላጅ ይልካሉ። ኢትዮጵያ ከ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ፣ በዋሽንግተን የተፈረመው ወረቀት የእነዚህን ልጆች የቤት ኪራይ ነካ። ለእነርሱ ክፍሉን የሚያከራየው ብዙ ጊዜ ቦታ ከቀረለት የቀድሞ ገበሬ አንዱ ነው። እንግዲህ አንዱ የተነሣ ሌላውን ያስጠጋል።

የጋራ መኖሪያ ቤቶቹም የራሳቸውን ትምህርት ይሰጣሉ። ንድፋቸው ሲወጣ ከፎቆቹ መካከል ለሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ ሕንፃ ታስቦ ነበር፤ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት። በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በበዓል ቀን በጉን በደረጃ ይዞ ሲወጣ ላየ ሰው ሐሳቡ ምን ያህል ከኑሯችን የወጣ እንደ ሆነ ይገባዋል። በብዙ ቦታ ግን ያ ሕንፃ ተከራይቶ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኗል። የሆነ ሆኖ ነዋሪው ድንኳን ገዝቶ፣ እድር አቋቁሞ፣ ከፎቁ በታች ባለው ግቢ ሐዘኑንም ደስታውንም ይወጣል። ከመርካቶ፣ ከጉለሌ፣ ከወሎና ከጉራጌ የመጣ ሰው በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ከአጠገቡ ያለው የገበሬው እድር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ድንኳን ነው። ሁለቱ እድሮች የተዋሃዱበት ሰፈር ካለ አጥንቶ የሚጽፍልን ተማሪ ብናገኝ ደስታችን ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ከተነሡት ነዋሪዎች ከፊሎቹ በምሥራቅና በደቡብ ዳርቻ ወዳሉ መኖሪያዎች ተዛውረዋል። ከመሐል ከተማ የተነሣው ሰው ከዳር በተነሣው ገበሬ መሬት ላይ አረፈ። የመጀመሪያው የሰፈሩን እድር አጥቷል፤ ሁለተኛው ማሳውን። ሁለቱ ጎረቤት ሆነው ሲገናኙ የሚነጋገሩት ብዙ ነገር እንዳላቸው እናምናለን።

ይህ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስለን አውሮፕላኑ እንደ ገና ሊሄድ ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አየር መንገዱ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ ለሚሠራ አዲስ ማረፊያ የንድፍ ውል ተፈራረመ፤ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። ቦሌ በ1955 ዓ.ም. ለልደታ የሆነውን አቡሴራ ለቦሌ ሊሆን ነው። ከማረፊያው ጀርባም መንገድ፣ ከመንገዱ ጀርባ ሆቴልና ቤት መከተሉ አይቀርም።

በዚህ ረገድ የሌላ አገር ፈተና ማስታወስ ይጠቅማል። የጃፓን መንግሥት በ1958 ዓ.ም. ለቶኪዮ ሁለተኛ ማረፊያ በናሪታ ለመሥራት ገበሬዎቹን ሳያማክር ወሰነ። ገበሬዎቹ እምቢ አሉ፤ ተማሪዎችም አገዟቸው፤ ደም ፈሰሰ። ማረፊያው የተከፈተው በግንቦት 1970 ዓ.ም. ነበር። መንግሥት ስለ አሠራሩ ይቅርታ የጠየቀው ብዙ ዓመት ቆይቶ ሲሆን ዛሬም በማረፊያው አጥር መካከል መሬታቸውን ያልለቀቁ ገበሬዎች አትክልት ያለማሉ። ባለጸጋይቱ ጃፓን ይህን ያኽል ዋጋ የከፈለችው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ወራት ተቀምጦ መነጋገርን ስለ ናቀች ነው።

የአድዓ ጤፍ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው፤ አቡሴራም ያለው በዚሁ የጤፍ አገር ነው። ለሚነሡት አርሶ አደሮች መኖሪያ ቤት መሥራት የዕቅዱ ክፍል መሆኑ ተነግሯል፤ ይህም ቦሌ በተሠራ ጊዜ ያልታሰበ መልካም ነገር ነው። ቤቱ ሲሰጥ ግን በመዝገቡ ላይ ሁለት ተጨማሪ ዓምድ ቢገባበት እንወድ ነበር። አንደኛው ዓምድ የቤተሰቡ ልጆች ዛሬ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሱና ማረፊያው በሚከፈትበት ዓመት ምን ዓይነት ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ፤ ሁለተኛው ዓምድ ቤተሰቡ የየትኛው እድር አባል እንደ ሆነና የእድሩ ሰዎች በአዲሱ መንደር ጎን ለጎን ቤት ማግኘት አለማግኘታቸው።